ያ ተራራ ዳሞታ አይደለም

ያን ቀን ጠዋት ዳጣ እየፈጨሁ ነበር። ለመሸጥ አይደለም፣ ወደ ቤሌ ለመውሰድ ነው። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ድንጋዩ ላይ አድርጌ፣ በሶብላውን ለብቻ አስቀምጬ፣ እያደቀቅኩ እያለ ጎረቤቴ የጴጥሮስ እናት በሩ ላይ ቆመች። ሌላ ጊዜ ገብታ፣ ተቀምጣ ነው የምታወራው። ያን ቀን አልገባችም።

«የማርቆስ እናት፣ አንጁሎ ጎሚስታው አርፏል አሉ። ቤሌ፣ ልጁ ቤት» አለችኝ።

አልጮህኩም። ዓይኔ ሲሞላ ልጠርገው እጄን አነሳሁና ቃሪያው ትዝ አለኝ። ሁለቱን እጄን እንደዚህ አየር ላይ ይዤ ቀረሁ፣ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ዳጣው ለሱ ነበር እኮ። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። ያ ቀን ማክሰኞ ነው።

እኔ ፊደል አላውቅም። ይሄን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ምህረት ናት። ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ንገሪኝና ልጻፈው አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ ከሞትኩ ማን ይነግራታል?

አንጁሎ ጎማ ይለጥፋል፣ ጎማ ይሸጣል። ቦታው ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለችው ከሶዶ ወደ ተበላ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ሲያልቅ ነው። አራት እንጨት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ የሚጮህ ኮምፕሬሰር፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት አንድ ገንዳ ውሃ፣ ሌላው ሁሉ ጎማ ነው። ረጅም ሰው ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ረጅም መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ማታ ሥራ ጨርሶ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል አየው ነበር።

ባሌ ከሞተ በኋላ ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥርና ስኳር ድንች ቀቅዬ በዳጣ እሸጥ ነበር። ገበያ ውስጥ ሻጩ ብዙ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ቆሞ ይርበዋል። ይሄን አስቤ ሄድኩና አጠገቡ ልቀመጥ ፈቃድ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ድስቴን አየና፣ ዳጣው ያቃጥላል ወይ አለኝ። በደንብ ያቃጥላል አልኩት።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አለኝ። «አፉ የተቃጠለ ሰው ቶሎ በል ብሎ አይጨቀጭቀኝም።»

ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። እሱ የማርቆስ እናት ይለኛል፣ እኔ የአስቴር አባት እለዋለሁ። በስም ተጠራርተን አናውቅም። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ አስቴር ልጁ ቤሌ አግብታ እዚያ ነው የምትኖረው። ብቻውን ነበር የሚሠራው። ምሳ ሲደርስ ከሚፈላው ቦዬ ሁለት አውጥቼ በዳጣ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ድስቴን አንስቶ ወደ ቆርቆሮው ያስገባል። ሌላ ምንም አልነበረም። ምህረት ምን ታወሩ ነበር ትለኛለች። ምን እናወራለን? ስለ ጎማ ነዋ።

ሰው ጎማ ልግዛ ብሎ ሲመጣ ሌላው ጎሚስታ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናህ ምንድን ነው ብሎ ነው። እሱ ግን «ማን ይቀመጥበታል?» ነበር የሚለው። ሾፌሮቹ ይስቁበታል። ሰው ነዋ፣ በግ ልጭንበት ነው እንዴ ይሉታል። እሱ አይስቅም። የትኛው ሰው ይላል። ሚስትህ ናት? እናትህ? ልጆች አሉ? ይሄን ሁሉ ሰምቶ ነው የሚነሳው። ደህናዎቹን ሁለት ጎማ ደግሞ ከኋላ ነው የሚገጥመው። ሁሉም ሰው አዲሱን ከፊት አድርግልኝ ይላል፤ እሱ እምቢ። የፊቱ ቢንሸራተት መሪው በእጅህ ነው፣ የኋላው ከሄደ ግን መኪናው በራሱ ዞሮ ያይሃል ይላቸዋል። ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ እናትና ልጅ ናቸው ይላል።

ማንበብ አይችልም ነበር፣ እንደኔው። ቁጥር ግን ያውቃል። ጎማው ጎን ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ አራት ቁጥሮች አሉ፤ እነሱን ሳያይ በጣቱ እየዳሰሰ ያገኛቸዋል። ይሄ አዲስ ይመስላል እንጂ መጋዘን ተቀምጦ አርጅቷል ይላል። ከዚያ በመዳፉ የጎማውን ጥርስ ያሻል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫናል፣ ያሸተዋል። መጨረሻ ላይ ከገንዳው በጣሳ ውሃ ቀድቶ ጎማው ላይ ያፈሳል፤ ውሃው በየትኛው ቦይ እንደሚወጣ፣ ፈጥኖ ይውጣ ቆሞ ይቅር ጎንበስ ብሎ ያያል። ውሃ መውጫ ያጣ ጎማ፣ ዝናብ ሲመጣ መኪናውን ጀልባ ያደርገዋል ይል ነበር።

አንድ ሐኪም ነበር፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ። ዝቅ ያለች ነጭ አውቶሞቢል አለችው። ስልኩን አውጥቶ የጎማ ፎቶ አሳየው፤ ለሩጫ የሚሆን፣ በጣም ውድ የተባለ። ከአዲስ አበባ ላስመጣ ነው፣ ምን ትላለህ አለው። አንጁሎ ፎቶውን አይቶ መለሰለት።

«ዶክተር፣ መሮጥ የሞተሩ ሥራ ነው። ጎማ የሚገዛው ለመቆም ነው።»

ከዚያ ከራሱ ጎማዎች መሃል አራት አወጣለት። ስማቸውን ሰው የማያውቃቸው ናቸው፣ ዋጋቸውም መካከለኛ ነው፤ ግን ዓመታቸው አዲስ፣ ቦያቸው ሰፊ፣ ላስቲኩ ጠንከር ያለ። ለስሙ የምትከፍለውን ለቤንዚን አድርገው አለው። ሐኪሙ ደስ አላለውም፣ ግን ወሰደ። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ከኔ ቦዬ ገዝቶ እየበላ፣ ከተበላ ሲመለስ በዝናብ አንዲት ፍየል ዘላ መንገድ ውስጥ እንደገባችበትና መኪናው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነገረን። አንጁሎ ፍየሏስ አለው። ሄደች አለ ሐኪሙ። እንግዲህ እሷም ደንበኛዬ ናት አለ አንጁሎ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ባለፈ ቁጥር ፍየልህ ሰላም ብላሃለች ይለው ነበር።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ማርቆስ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ የምህረት አባት። መምህር ነው። በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ሰመር እየገባ፣ ተጨናንቆ፣ ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ያገለገለች አውቶሞቢል ገዛ። ያን ጊዜ ደስታዬን መናገር አልችልም። ጎማዎቿ ግን አልቀው ነበር። ግንቦት ላይ ነው፣ አንድ ቀን ጎማ ተሸክሞ እኔ ወደምሸጥበት መጣ። ጥርሱ ሙሉ፣ ዋጋው ርካሽ። ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ነው። አንድ ሱቅ አራት አሉ፣ አንዱን ለማሳየት ይዤ መጣሁ አለ። ጋሽ አንጁሎ ይገጥምልኛል አለ።

አንጁሎ ጎማውን ተቀብሎ በመዳፉ አሸው። በጥፍሩ ተጫነው። ጥርሱ ላይ በምላጭ እንደተሸነሸነ ቀጭን ቀጭን መስመር ነበረው። ከዚያ ጎኑን እየዳሰሰ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ይሄ ሥዕል ምንድን ነው?» አለው።

«ተራራ ነው።»

«መሃሉ ላይ ያለውስ?»

«ኮከብ ነገር።»

«ኮከብ አይደለም፣ በረዶ ነው። ያ ተራራ ዳሞታ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ቀስ ብሎ አስረዳው። ይሄ በረዶ መንገድ ላይ ወር ከወር ተጋግሮ ለሚቀመጥበት አገር የተሠራ ነው፤ በብርድ እንዳይደርቅ ብለው ላስቲኩን አለስልሰውታል። ወደ ተበላ ቆላ በፀሐይ ስትወርድበት እንደ ማስቲካ ይሆንና ያልቃል። ለኛ የሚሆነው እነሱ ሰመር የሚሉት ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ውሃም ያስወጣል። የኛ አገር ክረምቱም በጋውም ለነሱ ሰመር ነው አለው።

ማርቆስ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያሳየ፣ ዊንተር ይላል አለ። ዊንተር ማለት ክረምት ነው፣ መዝገበ ቃላት ላይ አለ። ሰመር ደግሞ በጋ ነው። አሁን የሚገባው ክረምት ነው፣ ስለዚህ የክረምት ጎማ ነው የምፈልገው አለ። እንደ ተማሪ ነው ያስረዳው፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

አንጁሎ ጎማውን እንደያዘ ጠየቀው።

«አንተ ሰመር ልማር ብለህ የምትሄደው መቼ ነው?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ ጃንጥላ ይዘህ አልነበረም እንዴ የምትሄደው?»

የሚጠብቁት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ የሚበላው ቦዬ ትን አለው። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል። ያን ጃንጥላ የገዛሁለት እኔ ነበርኩ። ማርቆስ ሾፌሮቹን አላያቸውም፤ ዞሮ እኔን ነው ያየው። ከዚያ ወደ አንጁሎ ተመለሰ።

«ማንበብ የማይችል ሰው እኔን አያስተምረኝም» አለ።

ሳቁ ቆመ። አንጁሎ አልተቆጣም። እውነትህን ነው አለው። ጎማውን አቁሞ፣ እንዳይወድቅ በእጁ እየደገፈ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ማርቆስ አንከባለለው። እኔ ግን አልገጥመውም አለ።

በማግስቱ ወደዚያ አልሄድኩም። ልጄ አትሂጂ አላለኝም፤ ሂጂም አላለኝም። ግን በሰው ፊት ስቄበታለሁ። እናት በልጇ ላይ ከሰው ጋር ስትስቅ ምን እንደሚመስል ከፊቱ አይቻለሁ። አንጁሎም የማርቆስ እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ እኔን በጠራ ቁጥር የሰደበውን ልጅ ስም ሊጠራ ነው ብዬ አሰብኩ። ድስቴን ይዤ መናኸሪያው ጋ ሄድኩ። መናኸሪያ ሽያጩ ጥሩ ነው። ሽያጩ ጥሩ ነው እያልኩ ሰነበትኩ።

ማርቆስ እነዚያን ጎማዎች ሌላ ቦታ አስገጠመ። ያን ክረምት ደህና ሄዱ። አየሽ እማዬ አለኝ፣ አየሁ አልኩት። በጋው ሲገባና ፀሐዩ ሲጠነክር ግን ወደ ተበላ ወርዶ በተመለሰ ቁጥር ጥርሱ እየሳሳ መጣ። መጋቢት ላይ መላጣ ሆነዋል።

ሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ተበላ እየወረድን ነበር። ምህረትና እኔ ከኋላ ነን። አስፋልቱ ርሷል። ማርቆስ ፍሬን ነካ ሲያደርግ ከኛ በታች ያለው ሁሉ ከመሬት የለቀቀ መሰለኝ። መኪናው ዞረ፤ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ሰው አልጋ ላይ እንደሚገላበጥ። የሰው ማሳ ዳር ስንቆም ፊታችን ወደ ሶዶ ነበር። ወደ ተበላ እየወረድን የነበርን ሰዎች ዳሞታ ፊት ለፊታችን ቆሞ አየነው። ምህረት እጄን ጨብጣ ይዛለች። ማርቆስ ወርዶ የኋላውን ጎማ በመዳፉ አሸው። ብዙ ጊዜ አሸው። ተመልሶ ገባና መኪናውን ቀስ ብሎ አዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አንጁሎ መመለስ ፈለግኩ። እውነትህን ነበር ልለው፣ ተመልሼ ልቀመጥ። ግን እግሬ አልሄደም። ልጅሽስ ቢለኝ ምን እላለሁ? ማርቆስ ራሱ ይቅርታ ሳይል እኔ ብሄድ ልጄን ሁለተኛ ማዋረዴ ነው። እሱን ሂድ ማለትም አልቻልኩም። ጊፋታ ሲደርስ እላለሁ ብዬ ተውኩት። በኛ አገር በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚገባ የለም። በዚያ ሰበብ ሦስታችንም ሳናፍር እንገናኛለን ብዬ።

ጊፋታ ደረሰ። ቦዬ ቀቅዬ፣ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ቆርቆሮው አለ፣ አራቱ እንጨት አለ፣ ገንዳው ደርቋል። ጎማ የለም። ከመንገዱ ማዶ ዘይት የሚሸጠው ሰውዬ፣ ደረቱን አሞት አስቴር መጥታ ወሰደችው፣ ሦስት ሳምንት ሆነው አለኝ። ቦዬውን ለዘይት ሻጩ ሰጥቼው ተመለስኩ።

ማርቆስን ቤሌ ውሰደኝ አልኩት። በእነዚህ ጎማዎች አንቺን ከኋላ አስቀምጬ ቤሌ አልሄድም አለኝ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ ስለው፣ «እኔም መሄድ አለብኝ እማዬ፣ ትንሽ ጠብቂኝ» አለ። ያን ሲለኝ ጠበቅኩ። ብሄድ ኖሮ በሕይወት አገኘው ነበር። ግን ብቻዬን ሄጄ ምን ይዤለት እሄዳለሁ? ከኔ ይልቅ ልጄን ማየት ነበረበት።

ማርቆስ ደመወዙን አጠራቅሞ ጎማ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ ፈጣን ነው። የሚያብረቀርቀውን፣ ስሙ የታወቀውን አመጣለት። ማርቆስ ስሙን አላየም። ሰመር የሚለውን አምጣልኝ አለ፤ ተራራ ያለበትን እንዳታመጣ አለ። ጎኑን እየዳሰሰ ቁጥሮቹን አገኘ። በጥፍሩ ተጫነ። ከዚያ በጣሳ ውሃ ጠየቀ።

«መምህር፣ ጎማ ልታጠምቅ ነው እንዴ?» አለው ሻጩ።

ማርቆስ ውሃውን አፍስሶ ጎንበስ ብሎ አየ። መካከለኛ ዋጋ ካለው ሁለት መረጠ፤ አቅሙ ለሁለት ብቻ ነበር፣ ለፊቱ ያገለገለ ደህና ሁለት ተገኘለት። የሚገጥመው ሰው አዲሶቹን ከፊት ሊያደርግ ሲል ማርቆስ ከለከለው። ሁሉም ሰው ከፊት ነው የሚያደርገው አለ ሰውዬው።

«እናቴ የምትቀመጠው ከኋላ ነው» አለው።

እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ያ ቀን ሐሙስ ነበር። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቤሌ ልንሄድ ተቃጠርን። ማክሰኞ የጴጥሮስ እናት በሩ ላይ ቆመች።

ማርቆስ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጣ። በአዲሶቹ ጎማዎች የሄድንበት የመጀመሪያ መንገድ ለቅሶ ሆነ። ከሶዶ ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ስቀሽብኛል።»

«ስቄያለሁ፣ ልጄ። ያስቃል።»

«አዎ» አለ። «ያስቃል። ጃንጥላው።»

መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበትና መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ከኋላ ሆኜ ትከሻውን ያዝኩት።

ለቀብሩ ደረስን። ማርቆስ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ቦታ ሲቀይሩ እሱ አልቀየረም። ከቀብር ስንመለስ አስቴር ጋ ሄዶ፣ አባትሽን ሰድቤያለሁ፣ ልታረቀው እየመጣሁ ነበር አላት። ልጅቷ አባቷን ነው የምትመስለው፣ ትረጋጋለች።

«ነግሮኛል» አለችው። «መምህሩ ላይ ሾፌሮቹን፣ የተማሪዎቹን ወላጆች፣ ማሳቄ ልክ አልነበረም ይል ነበር። ሲሻለኝ ሶዶ ሄጄ ይቅር በለኝ እለዋለሁ ይል ነበር።»

ይሄን ሳልሰማ ብቀር ይሻለኝ ነበር። እኛ እሱን፣ እሱ እኛን፤ በመሃል የአንድ ቀን መንገድ እንኳን አልነበረም።

ሦስት ቀን ከአስቴር ጋር ተቀመጥኩ። ዘመድ በሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ነው የሆንኩት፣ ምን ብዬ እዚያ እቀመጣለሁ? ከተመለስኩ በኋላ አሁንም መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ጎማው ሲነፋ ስሰማ፣ ያ የአየሩ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬ ይቆማል። ምሳ ሰዓት ላይ እጄ ከድስቱ ሁለት ቦዬ ያወጣል። ለማን እንደማወጣ ትዝ ሲለኝ መልሼ እከታለሁ። ምህረት ይሄን አትጻፊው ብላትም ጻፈችው።

ከቤሌ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን የጴጥሮስ እናት መጣች። ያን ቀን ገብታ ተቀመጠች። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቀብሩ፣ ሰው ብዙ ነበር ወይ፣ ልጁ እንዴት ሆነች ብላ። ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ ጉልበቴ ላይ እጇን አድርጋ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ መናኸሪያ አብረውሽ የሚሸጡት ሴቶች የት ሄደች ሲሉኝ፣ እንባሽን አይቼ ስለነበር ወንድሟ ሞቶባት ቤሌ ናት እያልኩ ነበር የሰነበትኩት። ምህረትን ስጠይቃት ወንድሟ አይደለም አለችኝ። ነገ ይጠይቁኛል፣ የማርቆስ እናት። ምንሽ ነበር ልበላቸው?»